የምድጃው ግንባር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አማቲቱ ጮኹ።

"ኡኡ! ጉድ ሆንኩ!"

የሞተ ሰው የለም። የተጎዳው ምድጃው ነው። ሟች ባላቸው የገዙላቸው፣ እንደ ሸክላ ሳህን የሚያብረቀርቅ ነጭ ኢናሜል የተለበጠ፣ በእንጨት የሚነድ የብረት ምድጃ። ግንባሩ ተሰነጣጥቆ መዳፍ የምታህል ቅርፊት ረግፋለች።

"እሷ ናት!" አሉ ወደ ምራታቸው እየጠቆሙ። "በሽቦ ፈግፍጋው ነው! ዛሬውኑ ጓዟን ጠቅልላ ትውጣልኝ!"

ምራት ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ ልብሷን ትከት ጀመር። ባሏ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የፖሊስ ሻምበል፣ ሳይጠሩ ደረሱ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጩኸት ይናፍቃቸዋል። መነጽራቸውን ሰክተው ተንበረከኩ።

"ትናንት ጭስ ማውጫውን የጠረገው ሰውዬስ?"

"እሱ ከሄደ በኋላ ደህና ነበር" አሉ አማት። "ማለዳ እኔው ለሻይ አንድጄ ተመልሼ ጋደም አልኩ።"

"ልጄ፣ አንቺ በምን ታጸጃለሽ?"

"ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ። ያውም ሲበርድ፣ አመዱን ካወጣሁ በኋላ።"

ሻምበል የአመዱን መሳቢያ ሳቡ። ጢም ብሏል። ጣታቸውን ከተቱ።

"እፍ! እፍ! ፍም አለው!"

"ተቃጠሉ እንዴ?"

"ለማስረጃ ነው፣ እትዬ። ጭረት የለም፤ ሽቦ አልነካውም። የጋለ ምድጃ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ነው እንዲህ የሚረግፈው። አመድ ሳያወጣ የሚያጥብ ደግሞ ምድጃ አጥቦ የማያውቅ ሰው ነው።" ወደ ባልየው ዞር አሉ። "አንተ፣ እጅህን አሳየኝ።"

"በርዶኝ ነው..."

"ምድጃ አጠገብ ቆመህ?"

እጁን አወጣ። አውራ ጣቱ ውሃ ቋጥሯል።

"ሚስቴን ጎኗን ሲያማት ነው ያደረው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ሳትነሳ ልጨርስላት ብዬ... እማዬ ሁልጊዜ 'የኔ ልጅ ጨርቅ አይነካም' ትላለች። ሳታየኝ ብዬ ቸኮልኩ።"

"ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!" አሉ ሻምበል።

ምራት ሻንጣዋን አስቀመጠች።

"ጨርቅ መያዝህ አሳፈረህ። እኔ ስባረር ዝም ማለትህስ?"

ባሏ እንደገና ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። አማቲቱ ግን እንባቸው መጣ።

"ይቅር በይኝ ልጄ። እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩት።" ከዚያ ጨርቁን አንስተው ልጃቸው ደረት ላይ ወረወሩ። "በል፣ ከዛሬ ጀምሮ ምድጃው ያንተ ነው!"

ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጨርቁን ውሃ ነክሮ ወደ ምድጃው ሮጠ።

"ይብረድ!" ብለው ሦስቱም አንድ ላይ ጮኹበት።

ምድጃው እኩለ ቀን ላይ በረደ። የምራት ሻንጣ ግን ሳይፈታ እስከ ማታ በሩ ስር ቆሞ ዋለ።