የንጉሡ ግራ ጉንጭ

ፈረንጆች ፲፯፻፴፮ ብለው በሚቆጥሩት ዓመት፣ ዛሬ ኮሪያ በምትባለው በጆሶን ደቡብ ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ በሶቻን ከተማ በሚገኘው የነገሥታት ሥዕል ቤት ጣሪያ ላይ ዝናቡ አሥራ ሰባት ቀን ሳያባራ ወረደ፤ በሐር ላይ የተሣለው የሟቹ ንጉሥ ምስልም ከጀርባው ሻገተ።

የሥዕል ጠጋኙ ማ ኡንግቦክ ምስሉን በቀዩ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋው፤ ሥራው ከጀርባ የተለጠፈውን የሻገተ ወረቀት ልጦ በአዲስ መተካት ነበር። የአገሩ ሠዓልያን የፊትን ቀለም የሚቀቡት ከሐሩ በስተጀርባ ነውና፣ ወረቀቱ የሚላጠው በቀዝቃዛ ውኃ፣ በጣት ጫፍ፣ በትዕግሥት ነበር።

«ስድስት ቀን?» አለ ከመዲናው የተላከው ሹም ጓክ። «የንጉሡ መታሰቢያ በዓል ከነገ ወዲያ ነው! ከቤተ መንግሥት የሚመጣው መልእክተኛ ለባዶ ግድግዳ ይስገድ?»

«ጌታዬ፣ ቀለሙ...»

«በሙቅ ውኃ አርሰው አልኩህ!»

ሹሙ ወጣ። የሥዕል ቤቱ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ኦክ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሠላሳ ዓመት ጠብቄው አንድ ቀን ፈገግ አላለልኝም። አንተ ስታሸው ምናልባት ይኮረኩረው ይሆናል።»

«አባባ ኦክ፣ አያስቁኝ፤ እጄ ይንሸራተታል። ይልቅ ማገዶ ያምጡልኝ።»

ሽማግሌው ማገዶ ፍለጋ እንደሄደ ኡንግቦክ የፈላውን ውኃ አፈሰሰ፤ ወረቀቱን ሳብ አደረገ፤ መዳፍ የሚያህል ቀለም አብሮ ተነሣ። ሐሩን ገልብጦ ቢያይ የንጉሡ ግራ ጉንጭ የሬሳ ጉንጭ መስሏል።

የንጉሥን ፊት ያበላሸ አንገቱን ይቀላል፤ ከቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ በቀር ፊቱን በቀለም የነካም እንዲሁ። ኡንግቦክ የላጠውን ወረቀት፣ ከነቀለሙና ከነሻጋታው፣ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ ለጠፈው፤ በላዩም አዲሱን ወረቀት አለበሰው።

ኦክ ተመልሶ ምስሉን አየና እጁን በአፉ ላይ ጫነ። «ፊቱ ላይ ደም መለሰለት እኮ! የአንተ እጅ!»

«አባባ፣ ክረምት ክረምት ከሰል ያንድዱለት።»

«አሁን ታድሶ የለ? ለምኑ?»

«እንዲያው ያንድዱለት።»

በዓሉ አማረ፤ ኡንግቦክም ተሸለመ። በሚቀጥለው ክረምት ግን በንጉሡ ግራ ጉንጭ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጣች፤ በወሩ ዓይኑ ሥር ደረሰች። ሕዝቡ ክፉ ምልክት ነው እያለ በር ዘግቶ ያንሾካሹክ ጀመር፤ ሹሙ ጓክም በወታደር ታጅቦ መጣ።

«እርጥበት አስገብተህበታል!» አለው ኦክን።

«ቀንም ሌትም ከሰል አንድጃለሁ፣ ጌታዬ! ኡንግቦክን ይጠይቁት፤ እንዳነድ የነገረኝ እሱ ነው።» ሽማግሌው ወደ ኡንግቦክ ዞረ። «ንገራቸው እንጂ፣ ልጄ።»

«ሥራህ እንከን ነበረው?» አለ ጓክ።

ኡንግቦክ ግንባሩን ከመሬት አገናኘ።

«አልነበረውም፣ ጌታዬ።»

ኦክ ስድሳ ተገርፎ ወደ ደሴት ተጋዘ፤ ተሻግሮም አልተመለሰም። የተበላሸ የንጉሥ ምስል ተቃጥሎ አመዱ ይቀበራልና፣ ያም ወረቀት አብሮ ተቃጠለ፤ እሳቱን የለኮሰው፣ በሙያው ታዝዞ፣ ኡንግቦክ ነበር።

የሥዕል ቤቱ መዝገብ ስለ ነገሩ ሦስት መስመር ጽፏል፤ ጠጋኙ ማ ኡንግቦክ ስለ ትጋቱ አንድ ጣቃ ጥጥ ጨርቅ እንደ ተሸለመ፤ ጠባቂው ኦክ ስለ ቸልተኝነቱ እንደ ተቀጣ፤ ዝናቡም አሥራ ሰባት ቀን እንደ ዘነበ። ስለ ዝናቡ የተጻፈው ትክክል ነበር።