ለጸሎት ብቻ

ከባጃጁ ስፒከር የሚወጣው ድምፅ የእህቷ የታቢታ ነበር።

ሩታ የያዘችው የክርክር ወረቀት እጇ ውስጥ ተጨማደደ። መዝሙሩ እኮ ገና አልወጣም! የሚወጣው እሑድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ፓስተሩ ጸልየውበት፣ ኬክ ተቆርጦ። ታቢታ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ እየሰፋች ሦስት ዓመት የለፋችበት አልበም፣ ከቱላ ወደ ከተማ በሚበር ባጃጅ ውስጥ ከሞተር ጩኸት ጋር ይጋፋል።

«ወንድም፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለችው ሾፌሩን።

«አሪፍ ነው አይደል?» ሾፌሩ እንዲያውም ጨመረላት። «ቴሌግራም ላይ ነው። ‹ለሰባት ሰው ላክ፣ ትባረካለህ› ይላል። እኔ ለዘጠኝ ላክሁ፤ ሁለቱ ለመጠባበቂያ።»

ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻችተው ስልካቸውን አወጡ። «እኔም ጋ ደርሷል። ልላክልሽ፣ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ አመሰግናለሁ። አለኝ።»

አላት። ችግሩም እሱ ነው።

በሌላ በኩል የተቀመጠችው ሙንተሃ፣ የክርክር ቡድን አጋሯ፣ በክርኗ ጎሰመቻት። «ያልወጣ መዝሙር ባጃጅ ውስጥ! አንቺ፣ እንዲህ ያለ ማስረጃ ተጸልዮም አይገኝም! ዛሬ ኦሊያድ አለቀለት።»

የዛሬው የትምህርት ቤት ክርክር ርዕስ የቅጂ መብት ሕጉ በዚህ የፋይል ቅብብሎሽ ዘመን እንዴት ይሻሻል የሚል ነው። የነኦሊያድ ቡድን «ያልሸጠ አይጠየቅ» ይላል። የነሩታ ቡድን ደግሞ «የሰውን ልፋት በነፃ የሚበትንም ይጠየቅ» ባይ ነው። ሩታን በክፍሉ ውስጥ «ዓቃቤ ሕጓ» ያሰኛት በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው አራተኛው ነጥብ ነው፦ «መጀመሪያ የላከው ሰው ይፈለግ። ‹አላወቅሁም ነበር› ምክንያት አይሆንም።»

ስልኳ ጠራ። ታቢታ ናት።

«ሩቲ፣ ወጥቷል! ሰባቱም መዝሙር ወጥቷል!» እያለቀሰች ነበር። «እስራኤል ነው፣ የስቱዲዮው ልጅ። ከኳየር መሪያችን ጋር መናኸሪያ ወዳለው ስቱዲዮ ልንሄድ ነው፤ አለቃው ያለበት ድረስ። ዛሬውኑ ካላስባረርሁት!»

«ታቢ፣ ቆይ…»

«ምን እቆያለሁ? ከእኔ፣ ከሱና ከአንቺ ሌላ ማን ጋ አለ?» ስልኩ ተዘጋ።

ከአንቺ ሌላ። አልጠረጠረቻትም እንኳ።

ሩታ ቴሌግራም ከፈተች። ቻናሉን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰው አይቶታል። ከመዝሙሮቹ በላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ለእህታችን አልበም እንጸልይ። ምን ላይ እንደምንጸልይ እንድናውቅ ነው።» የራሷ ቃል! ባለፈው ማክሰኞ በወጣቶች የጸሎት ግሩፕ የጻፈችው፣ ቃል በቃል። የጎደለችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ «ከግሩፑ እንዳይወጣ።»

ያን ቀን ከሥር አርባ ሦስት «አሜን» ተደርድሮ ነበር። ሩታም አሜን ያለ ሰው አያስተላልፍም ብላ ተኝታለች።

ሙንተሃ በትከሻዋ በኩል አሻግራ አነበበች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ሩቲ… መጀመሪያ የላከው ሰው…»

«እኔ ነኝ።»

ባጃጁ ጉድጓድ ዘለለ፤ ታቢታ ግን ዜማዋን አላቋረጠችም። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረዋት ያንጎራጉራሉ።

«ስሚኝ» ሙንተሃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ለጸሎት ነው የላክሽው። ሌብነት አይደለም። አራተኛውን ነጥብ ሰርዘን እንገባለን፤ በቃ። እስራኤል እንደሆን ትልቅ ሰው ነው፣ ሌላ ሥራ አያጣም…» ዓረፍተ ነገሩን ራሷም አልወደደችውም መሰለ፣ መሐል ላይ ተወችው።

«ትምህርት ቤት ወራጅ አለ?» አለ ሾፌሩ።

ሙንተሃ ወረደች። ሩታ አልተነሳችም።

«ነይ እንጂ! ክርክሩስ?»

ሩታ የተጨማደደውን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችና አቀበለቻት። «አንቺ አንብቢው።»

«አራተኛውንስ?»

ቀዩን ጽሑፍ ለአፍታ አየችው።

«እንዳትሰርዢው።»

ከዚያ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለች። «ወንድም፣ እኔ እስከ መናኸሪያ ነኝ። መዝሙሩን ቀንስልኝ እባክህ፣ ስልክ ልደውል ነው።»

ታቢታ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።