ያልተቆረጠው ምርቃት

ሰምሃል ሰውየውን ገና ሳታየው ጠላችው።

ጠዋት አለቃዋ አቶ ብርሃነ ጃኬታቸውን እንኳን ሳያወልቁ «ሰርቨሩ ሞልቷል! የቅዳሜውን ሰርግ ጭንቅላታችን ላይ ነው የምናስቀምጠው? አንድ ባለሙያ ጠርቻለሁ፤ ያልተቆረጠውን አሮጌ ቀረጻ ጠራርጎ ያጠፋልናል» አሉ።

ገርጂ ባለው በዚህ የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ቀረጻ የምትቆርጠውና የምትቀጥለው እሷ ናት። ሙሽሮች ሁሉ ጭፈራውን ይወዳሉ፤ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ግን «እሱን አሳጥሪልን፣ ይረዝማል» ይላሉ። ታሳጥርላቸዋለች። ሙሉውን ግን ለመጣል እጇ አልታዘዝ ስለሚላት ቀረጻው ሁሉ በሚከማችበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ታቆየዋለች።

ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ እናት ከሾላ መጡ። ባለቤታቸው አቶ አምላኩ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። «ልጃችንን ሲድር የመረቀውን ሙሉውን ስጪኝ የኔ ልጅ፣ ድምፁ ናፈቀኝ» ብለው ለመኗት። ለዛሬ ቃል ገባችላቸው። የዚያ ሰሞን ቀረጻ ግን አንድ ላይ ተደባልቆ፣ ስም የሌለው ክምር ሆኖባት፣ ሳምንቱን ሙሉ ፈልጋ አላገኘችውም። ዛሬ ከጠፋ አበቃ፣ ለሴትየዋ ምን ትላቸዋለች?

በሩ ተንኳኳ። ረጅም፣ ዓይን አፋር ወጣት ላፕቶፕ ታቅፎ ገባ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አብዲሳ እባላለሁ።»

«አውቄሃለሁ፣ አጥፊው ነህ።»

«ኧረ በጌታ! ገና ምን አደረግኩ?»

ሰርቨሩን በአገጯ አሳየችው። እሱም ተቀምጦ ላፕቶፑን ከሰርቨሩ ጋር አገናኘና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ጀመረ። ድንገት ጣቶቹ ቆሙ።

«ይሄን ሰርቨር ማን ነው የጫነላችሁ?»

«ድሮ እዚህ ይሠራ የነበረ ልጅ። ምነው?»

«ሰርቨሩ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ሊኑክሱን ሲጭን፣ ፕሮግራሙ የጠየቀውን ሁሉ እሺ እሺ እያለ አልፏል። እንዲህ ከሆነ ከዲስኩ ጥቂቱን ብቻ ለሥራ መድቦ ሌላውን ይተወዋል። ነይ እዪ።»

ሰምሃል ሳትወድ በግድ ጎንበስ አለች።

«ሞልቷል የሚላችሁ የተመደበው ብቻ ነው» አለ በጣቱ እያሳያት። «ይሄኛው ለምንም ያልተመደበ ነው። ከዲስኩ ከግማሽ በላይ ባዶውን ተቀምጧል።»

«ታዲያ... ምንም አይጠፋም?»

«ምንም።»

እንባዋ መጣ። እንዳያይባት ፊቷን አዞረች፤ እሱ ግን አይቷታል።

«በል ታዲያ ቶሎ ጨምረው!»

«አይሆንም፤ መጀመሪያ ባካፕ፣ ሙሉ ቅጂ ሳልይዝ የሰው ዲስክ አልነካም።»

«አቶ ብርሃነ ይቸኩላሉ እኮ።»

«ይቸኩሉ።»

ወይ ድፍረት! ሰምሃል ሰውየውን በደንብ ያየችው ያኔ ነው። ትልልቅ ዓይኖች አሉት።

ቅጂው በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም። ምን እንዳስጨነቃት ሲጠይቃት ነገረችው። ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና ክምሩን አንድ በአንድ እየከፈቱ አብረው ይፈልጉ ጀመር።

«ነቀምት ያለው የኔም አባት ሲመርቅ አያቆምም» አላት። «እህቴ ስትዳር ካሜራ ማኑ ሰልችቶት መሃል ላይ አቆመበት። አባቴ እስከዛሬ ያንን ልጅ አልማረውም።»

ሰምሃል ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያባራ ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሰምሃል ወዲያው አወቀቻቸው፤ አቶ አምላኩ ነበሩ።

ባካፑ ሲያልቅ አብዲሳ ሁለት መስመር ጻፈ። በአንደኛው ባዶውን ቦታ ለሥራው ክፍል ጨመረለት፤ በሁለተኛው ፋይሎቹ የሚያርፉበትን እስከ አዲሱ ድንበር ዘረጋው። ሰርቨሩ መዘጋት እንኳን አላስፈለገውም። አቶ ብርሃነ «እንዴ! እኔ እኮ ያንን ሁሉ ቀረጻ ላስጠፋ ነበር!» እያሉ ቢሮውን ዞሩት።

ከሰዓት ወይዘሮ ሙሉነሽ መጡ። የባለቤታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በእያንዳንዱ ምርቃት ላይ በቀስታ «አሜን» ይላሉ። ሲያልቅ ቀና አሉና ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን አዩ።

«እናንተም ተባረኩ ልጆቼ። ትዳራችሁ ይለምልም። ውለዱ፣ ክበዱ!»

ሰምሃል ፊቷ ጋለ። ያርማቸዋል ብላ ጠበቀች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ሁለቱም አላረሙ።

ማታ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታክሲው ግማሽ መንገድ ሲደርስ አብዲሳ ወደ እሷ ዞረ።

«ለምን አላረምሻቸውም?» አላት።

«አንተስ አፍ የለህም?»

«እኔማ አሜን ብዬ ነበር።»

ሰምሃል በመስኮት እያየች ፈገግ አለች። «እኔም ብያለሁ» አለች ቀስ ብላ።

በዓመቱ ነቀምት በራሳቸው ሰርግ የአብዲሳ አባት ለመመረቅ ተነሱ። መረቁ፣ መረቁ፣ ጨረሱ ሲባል እንደ አዲስ ጀመሩ። ሙዚቀኞቹ አዛጉ። ከስቱዲዮ የመጣው ካሜራ ማን ክንዱ ዝሎ፣ ላቁመው ይሆን እያለ ሙሽሪትን በዓይኑ ጠየቃት።

ሰምሃል ከነቬሏ ብድግ አለች።

«እንዳታቆም!» አለችው። «ቦታ አለ።»