ሳይጠራ የቀረው አስራ አራተኛ ሰው

ኤሊስ ፕሩዊትን መጀመሪያ ያየሁት ከነመኪናው ሚዛን ላይ ቆሞ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ኦክ ቤንድ በምትባለው የአይዋ ግዛት ከተማችን፣ የእህል ጎተራው ሚዛን ቤት ውስጥ ተቀምጬ የገበሬዎቹን የበቆሎ ጭነት እመዝናለሁ። አጨዳው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በሁለት ትላልቅ የጭነት መኪናዎች መሃል አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ተሰልፋ መጣችና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሹፌሩ ግራ ገብቶት በመስኮት ብቅ አለ። ድምፅ ማጉያውን አነሳሁ።

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ፓውንድ፣ ሹፌሩን ጨምሮ። በቆሎው የታለ?»

ከኋላው ያሉት ገበሬዎች በሳቅ ፈነዱ። እሱም እየሳቀ ወርዶ ወደ መስኮቴ መጣ።

«ይቅርታ፣ የአገረ ገዥው ሊንዴል የምርጫ ዘመቻ ሠራተኛ ነኝ። ለፕሬዚዳንትነት ማንን እንደሚደግፉ ልጠይቅዎት ነበር።»

«አንቺ በለኝ፤ እናቴን የምታናግር መሰለኝ። ሊንዴልን ገና ሁለት ጊዜ ነው ያገኘሁት። ሦስተኛ ሳላየው ምን ብዬ ልወስን?»

የቀለድኩ መስሎት ነበር። አልቀለድኩም። አይዋ የፓርቲዎችን ዕጩ በመምረጥ ከግዛቶች ሁሉ ትቀድማለችና፣ እኛ ዘንድ ዕጩ ፕሬዚዳንት ማለት በየአራት ዓመቱ ብርድ ሲገባ ኩሽናችን ድረስ የሚመጣ እንግዳ ነው።

በሳምንቱ ሊንዴልን ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ደህና ሰው ነበር፤ ሲያዳምጥ ከልቡ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የሰፈራችንን የሊንዴል ደጋፊዎች አስተባብሪ ስባል እሺ ያልኩት ለሊንዴል ብዬ አይደለም። ኤሊስ በየቀኑ እንዲደውልልኝ ነው።

ደወለም። ከዚያ መደወሉን ትቶ መምጣት ጀመረ። አብረን በየበሩ እያንኳኳን ስንዞር፣ ውሻ የሚፈራ ሰው መሆኑን አወቅኩ። እናቴ የባቄላና የሥጋ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ያቀረበችለት ቀን ሳህኑን ትኩር ብሎ አየው።

«ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚበላው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ትምህርት ቤት እያለን ጀምሮ። ብላና ዝም በል።»

በላ። ደገመ። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ያ የሜሪላንዱ ልጅ» ማለት ትታ ስሙን መጥራት ጀመረች። አባቴ ደግሞ ምንም አላለም፤ የአባቴ ምንም አለማለት ትልቅ ምርቃት ነው።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ በረዶ በሸፈነው ማሳ ዳር መኪናውን አቁመን ተቀምጠን ነበር። የሊንዴል ነገር እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከአይዋ የሚያልፈው ሦስት ሰው ነው» አለኝ። «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛ ከወጣን ጋዜጠኛውም ለጋሹም ይከተለናል፤ በማግስቱ ከአይዋ ቀጥላ የምትመርጠው ኒው ሃምፕሻየር ነን። ከዚያ ደቡብ፣ ከዚያ እስከ ኅዳሩ ዋና ምርጫ መመለስ የለም። አራተኛ ከወጣን አለቀ። የቀረው አገር ስማችንን እንኳ ሳይሰማ እንዘጋለን።»

«ከተዘጋ አንተ የት ትሄዳለህ?»

መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «የከተማው ጋዜጣ አዘጋጅ ሥራ አለልህ ብለውኛል። እዚሁ እቀር ይሆናል።»

ዓይኔን አየኝ። አንድ ነገር እንድል እየጠበቀ መሆኑ ገብቶኛል። ቃሉም ቀላል ነበር፤ «ቅር» ማለት ብቻ ነው። እኔ ግን ወደ ማሳው ዞርኩና «መስኮቱ በረዶ ያዘው» አልኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። የኛ ሰው ከነጎረቤቱ ለምርጫ አደባባይ ይቆማል እንጂ፣ የሆዱን ለማውጣት ሲሆን ምላሱ ይታሰራል። እኔም የናትና አባቴ ልጅ ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ክፉ ሐሳብ አብሮኝ ዋለ፤ አብሮኝ አደረ። ሊንዴል ካለፈ ኤሊስ ይሄዳል። ሊንዴል ከወደቀ ኤሊስ ይቀራል።

የጥር ወሩ የምርጫ ስብሰባ ምሽት ደረሰ። እኛ ወረቀት ሳጥን ውስጥ አንጥልም፤ በየሰፈራችን ተሰብስበን፣ ለምንደግፈው ዕጩ በተመደበው ጥግ ሄደን እንቆማለን። ከመቶ አስራ አምስት እጅ ያልሞላ ጥግ ይፈርስና ሰዎቹ ሌላ ጥግ ይፈልጋሉ። የኛ ሰፈር የተሰበሰበው በትምህርት ቤቱ የምግብ አዳራሽ ነው። ኤሊስ አልነበረም፤ የአውራጃውን ቁጥር በስልክ ሊቀበል ቢሮ ቀርቷል።

ሰማንያ ሰባት ሰው መጣ። ስለዚህ ለአንድ ጥግ አስራ አራት ሰው ያስፈልጋል። ቆጠርኩ። አስራ ሦስት ነን። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

ሰብሳቢው «አስራ አምስት ደቂቃ አላችሁ» አለ። ሰው ሁሉ ሰው ለማማለል ተነሳ። ወይዘሮ ጆይስ ሃቨርካምፕ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ከኛ ጥግ ሆነው ብስኩት በሳህን ይዘው አላፊ አግዳሚውን ይጣራሉ። «ኑ እንጂ፣ ለሊንዴል ባትሉ ለቅቤው ብላችሁ።»

መሃል አዳራሹ ላይ ግን ደልበርት ኡምስ ብቻቸውን ቆመዋል። ማንንም ገና አልመረጡም። አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በቆሏቸውን ስመዝን አንድ ቀን ቁጥሬን ተጠራጥረው አያውቁም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደኔ መጡ።

«እህሳ ግሬታ፣ አንድ ሰው ጎደላችሁ አሉ።»

«ጎድሎናል።»

«ሊንዴል ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደህና ሰው ነው።»

ቆመው ጠበቁኝ። ደልበርት ሳይጠሯቸው የሚሄዱ ሰው አይደሉም፤ ጎረቤት ቤት እንኳ «ግቡ» ካልተባሉ በር ላይ ይቆማሉ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ይምጡ» ብላቸው ይመጣሉ።

«ታዲያ ምን ላድርግ ትያለሽ?» አሉኝ።

«እንደ ልብዎ ያድርጉ» አልኳቸው።

ትንሽ ገረማቸው መሰለኝ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በዝግታ ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ። የኛ ጥግ ፈረሰ። ወይዘሮ ጆይስ ብስኩታቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው፤ ማየቱን ግን አልፈለግኩም።

ሊንዴል በጠቅላላው አራተኛ ወጣ። ጠዋት ከውድድሩ መውጣቱን በሬዲዮ ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ፀጉሬን ሁለት ጊዜ አበጠርኩ።

አራት ሰዓት ላይ ኤሊስ ሚዛን ቤቱን ከፍቶ ገባ። አልተቀመጠም።

«ከምግብ ቤቱ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ደልበርት ትናንት የሆነውን ለሰው እያወሩ ነበር። ‹ልጅቱ ና ብትለኝ ኖሮ እሄድላት ነበር› ይላሉ።»

የሚዛኑን መዝገብ ከደንኩ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«ከወደቃችሁ እቀራለሁ ብለኸኝ ነበር።»

ውጭ አንድ መኪና ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ጥሩምባ ነፋ፤ ማናችንም አልዞርንም።

«ለጋዜጣው ሥራ እሺ ካልኩ ሳምንቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሊንዴል አለፈም ወደቀም ልቀር። ከስብሰባው በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

«ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም?»

«አንቺ ቅር እንድትይኝ ፈልጌ። ሞኝነቴ ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረና አቃተው። «ሰው ለኔ ብሎ እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ወይዘሮ ጆይስን በዚያ ጉልበታቸው በበረዶ በየበሩ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸውን በየቀኑ ሰላም እያልኩ፣ ማታ ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ደልበርትን ሆን ብለሽ መተውሽን ልደብቅ? አልችልም ግሬታ።»

በሩን ሲከፍት ምላሴ ተፈታ።

«ኤሊስ፣ ቅር። እባክህ።»

ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ ነበር።

«ይቺን ቃል ለመስማት ከዚያ እሁድ ጀምሮ ጠበቅኩ» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ በልመና ዓይነት ነው። ከዚያ ወጥቶ በሩን በቀስታ ዘጋ። በዚያው ሳምንት ለሌላ ዕጩ ሊሠራ ኒው ሃምፕሻየር መሄዱን እናቴ ነገረችኝ።

ሐሙስ ዕለት ጋዜጣው የግዛቱን ውጤት አወጣ። ሊንዴል ከሦስተኛው ያነሰው በብዙ ሺህ ሰው ነው። የኛ ጥግ ቢሞላም ባይሞላም ለእሱ ለውጥ አልነበረውም። እሱን የጣለው አይዋ ነው። እኔ ያን ምሽት ደልበርትን ባለመጥራቴ ያጣሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሊቀርልኝ ወስኖ የነበረው።