የቀትሩ ወራጅ

ያንን የስልክ መብራት አጥፋው፣ አንተ ብዙአየሁ። አጥፋው ብያለሁ! ዶዘሩ ነገ ጧት መጥቶ ናዳውን እስኪጠርግልን ድረስ አምስታችንም እዚሁ ነን። ጠጋ በሉ። ብዙአየሁ፣ ብርድ ልብሱን ከኋላህ ለተቀመጠው አካፍለው፣ አትሰስት። አሁን ስሙኝ፣ ሾፌሮች።

ጋኔን በሌሊት ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ማነው? ሁላችሁም? ሞኞች! የሌሊቱንማ ውሻም ይጮህበታል። የሚፈራው የቀትሩ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላህ እግርህ ሥር ሲገባ፣ ወፍ እንኳ ዝም ሲል። መንገዱ ደግሞ ቁልቁለት ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ሰው ዝር የማይልበት ጠመዝማዛ፣ አራት ኩርባ። የአገሩን ስም አሁን አልነግራችሁም።

መንበሩ የሚባል ሾፌር ነበር። ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ጡሩምባው ከእሱ ቀድሞ ገበያ የሚገባ ጉረኛ። መንጃ ፈቃድ ነበረው ወይ? ነበረው! ተምሮ ነው ወይ ያወጣው? ኧረ ወዲያ! ዘመድ ነበረው፤ ፎቶ ሰጠ፣ ፈቃድ ተቀበለ። ማሠልጠኛ የሄደው አንድ ቀን ነው። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ «ቁልቁለትን ዳገት በምትወጣበት ማርሽ ውረደው» ብሎ ሲጽፍ መንበሩ እያዛጋ ተነሳ።

«ለመውረድ ደግሞ ትምህርት? ድንጋይ እንኳ ሳይማር ይወርዳል!» ብሎ ወጣ።

ታዲያ ይሄ ሰው ቁልቁለት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ማርሹን አውጥቶ ፍሪ! ሞተሩ ያርፋል፣ ናፍጣው ይተርፋል፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል። ከእናንተ ይህን የሚያደርግ ስንት ነው? እጅ አታውጡ። አውቃችኋለሁ።

አንድ ቀን፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ያንን ቁልቁለት ያዘ። ፍሪ አደረገው። አንደኛውን ኩርባ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ አስካለች የሚሏት የበርበሬ ነጋዴ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ!»

«እዚህ ገደል ላይ ማን ይወርዳል?»

«እኔ! በእግሬ እሄዳለሁ! ልጄ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ወራጅ አለ!»

መንበሩ በስፖኪዮው አያትና ሳቀ። «ከታች ትወርጃለሽ!» አላት።

ከታች ትወርጃለሽ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ረገጠ። የፍሬኑ ሸራ ጋለ፣ ሸተተ፣ ጨሰ። ደግሞ ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሽ ላስገባ አለ፤ ካምቢዮው ጮኸ እንጂ አልገባለትም። ተሳፋሪው ባንድ አፍ ይጮሃል። መንበሩ ምን አደረገ? መኪናውን ወደ ተራራው አስጠጋ? ታገለ? በሩን ከፍቶ ዘለለ! አሥራ አንድ ሰው ጥሎ ዘለለ!

አውቶቡሱ አራተኛው ኩርባ ላይ መንገዱን ለቀቀ። ስድስት ጊዜ ተገለበጠ። በተገለበጠ ቁጥር ሰው ይተፋል። ቆርቆሮው ሰው ቆረጠ፣ መስታወቱ ሰው አረደ። የአስካለች በርበሬ ተበትኖ ደሙ ከበርበሬው አልለይ አለ። እሷ በመስኮቱ ግማሽ አካሏ ወጥቶ እንደተሰነቀረች ቀረች፤ ዓይኗ ሽቅብ መንገዱን ያያል። አንድ ሰው አልተረፈም። አንድም!

መንበሩ ክንዱ ተልጦ ተነሳ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ምን ሆንክ ቢለው «ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ። አያችሁ? እምቢ ያለው ፍሬኑ ነው! የተገለበጠው መኪናው ነው! ሾፌሩማ ምን በወጣው! ያንን ፍሬን በዚያው ሳምንት የጠገነው ጋሽ ድንቁ የሚባል መካኒክ ነበር፤ ሃያ ዓመት መኪና ሥር ተኝቶ አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው። እሱን አሰሩት። ካምቢዮው ተፈረካክሶ ስለነበር ማርሹ የት እንደቆመ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ጋሽ ድንቁ ፍርድ ቤት ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መንበሩ፣ ማርሽህ ስንት ላይ ነበር?»

«ሁለተኛ» አለ መንበሩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በጋሽ ድንቁ ሰባት ዓመት ፈረዱበት። ሙት አይመሰክርም ብሎ ነው መንበሩ የዋሸው። አይመሰክርም?

ክረምቱ አለፈ። መንበሩ ሌላ ቅጥቅጥ ያዘ። አንድ ቀን ባዶውን ሲመለስ እዚያው ቁልቁለት ላይ ደረሰ። ስንት ሰዓት? ስድስት ሰዓት! እና ምን አደረገ? ፍሪ! አሥራ አንድ ሰው ቀብሮም ፍሪ! አመል አይለቅማ።

አንደኛው ኩርባ ላይ ሽታ መጣ። የበርበሬ ሽታ። አስነጠሰውና መስኮቱን ከፈተ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስፖኪዮውን አየ። የኋላ ወንበር ላይ ነጠላ አለ። ሰው የለም፣ ነጠላ ብቻ። ተሳፋሪ ረስቶት ይሆናል አለ። ነጠላው ግን ይተነፍሳል።

ደግሞ አየ። ወንበሩ ሞልቷል። አንገቱ የተጠመዘዘ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ መስታወት ዓይኑ ውስጥ የተሰካ። ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከነደማቸው ቁጭ ብለው መንገዱን ያያሉ።

«ወራጅ አለ» አለች አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ።

ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሹን ጨበጠ። እጁ ላይ ሌላ እጅ አረፈ፤ ቀዝቃዛ፣ ጥፍሩ ሥር በርበሬ የገባበት እጅ።

«ማርሽህ ስንት ላይ ነበር?»

«ሁለተኛ!»

መኪናው ባሰበት።

«መንበሩ፣ ማርሽህ ስንት ላይ ነበር?»

«ሁለተኛ ነው አልኩ! ፍሬኑ ነው! ድንቁ ነው!»

እጇ ጨመቀው። ጣቶቹ እንደ ጭራሮ ተሰበሩ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሩን ከፍቶ ሊዘል ዞረ። በሩን ጭንቅላት የሌለው ሰው ተደግፎታል። ዞር በልልኝ ቢለው በምን ጆሮው ይስማው?

ያን ጊዜ መንበሩ አፉን ከፍቶ ምን ብሎ ጮኸ መሰላችሁ? «ወራጅ አለ! በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ወራጅ አለ!»

አሥራ አንዱም ባንድ አፍ፦ «ከታች ትወርዳለህ!»

አራተኛው ኩርባ ላይ «ፍሪ ነበር! ፍሪ ያደረግኩት እኔ ነኝ!» አለ። ዘገየ ወይ? ለእግሮቹ ዘግይቷል። ገበሬዎች ከገደሉ ሥር ሲያገኙት ሁለት እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፣ አፉ ግን አላረፈም። ላነሱት ገበሬዎች፣ ለሐኪሙ፣ ለዳኛው ያንኑ ይደጋግማል። ፍሪ ነበር፣ እኔ ነኝ። ጋሽ ድንቁ ተፈታ። መንበሩ በእሱ ቦታ ገባ።

ይህን ከማን ሰማህ ትሉኛላችሁ። ከራሱ ነው፤ ማረሚያ ቤት ልጠይቀው ሄጄ። ለምን ሄድክ? እንግዲህ ስሙት። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ይጽፍ የነበረው አስተማሪ ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። እያዛጋ ሲወጣ አየሁት። ተመለስ አላልኩትም። ዘመዱን ፈርቼ «ተምሯል» ብዬ ፈረምኩለት። የአሥራ አንዱ ደም እኔም እጅ ላይ አለ። በየመንገዱ ይህን የምለፈልፈው ለዚህ ነው እንጂ ወሬ ወድጄ አይደለም።

በሉ፣ አገሩን ልንገራችሁ። ከናዳው ማዶ ያለው ቁልቁለት ነው። ነገ የምትወርዱት። ልጆቼ፣ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። መኪናህ ባዶ ቢሆን እንኳ ብቻዬን ነኝ ብለህ አትንዳ።

ብዙአየሁ፣ ምን ያስነጥስሃል? ብርድ ነው? ቆይ፣ ዝም በሉ። አምስት አልነበርንም? እኔ፣ አንተ፣ እነዚህ ሦስቱ እፊቴ አሉ። ከኋላህ ማንም ሊኖር አይገባም። ታዲያ ብርድ ልብሱን ያካፈልከው ለማን ነው?

አትዙር! አትዙር ልጄ…

«ወራጅ አለ!!»