በማሪቱ በር ላይ ያረፈው ቀይ ቀለም

ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚሄድ ሚኒባስ ከኋላ ተቀምጬ፣ ከፊቴ ሁለት ልጃገረዶች ያወራሉ።

«ሀብታም ቢሆንስ?» አለች አንደኛዋ።

«ቢሆንም! እኔ የማገባው...»

ከዚያ ምን እንዳለች አሁን በደንብ አላስታውሰውም። የቀረኝ ጫፉ ብቻ ነው፦ «...የሚጠይቀኝን ነው።»

ምን የሚጠይቃትን? ሳልሰማ ቀርቼ ይሁን ረስቼው፣ እንጃ። «ወራጅ አለ!» ብላ ስትወርድ ዞር አለች፤ ዓይኖቿን አየሁ። ስሟ ማሪቱ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኔ የሺጥላ እባላለሁ፤ የላሜራ በር ሠሪ ነኝ። ብየዳውን ያስተማረኝ የለም፣ ሌሎች ሲሠሩ እያየሁ ነው የለመድኩት። ወሬ አልችልም፤ ማዳመጥ ግን እችላለሁ።

ማሪቱ አስፋልቱ ዳር በአባቷ ቤት ልብስ ትሰፋለች። አባቷ አልጋ ላይ ሲውሉ ዐሥራ ሁለት ዓመት አስታመመቻቸው፣ ሳታገባም ቀረች። ካቻምና አረፉ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያደረግሁት ነገር ቢኖር እሷ ዘንድ እየሄድኩ ሱሪ ማሳጠር ነው።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ሱሪው ነው የሚረዝመው ወይስ እግርህ ነው እያጠረ የሚሄደው?»

ሳቅሁ። ሌላ ምን ልበል?

ዘንድሮ ከከተማው ሰዎች መጥተው ሰበሰቡን። በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ በአንድ ወር ፊቱ ይታደስ፣ የዛገ በር ይቀየር ወይም ይቀባ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይመረግ አሉ።

ማሪቱ እጇን አወጣች። «አቅም የሌለውስ? ይፈርስበታል?»

«ይታሰብበታል» አሏት።

ሌሊቱን ስጸልይ እንኳ ድምጿ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቅዳሜ ሱሉልታ ለቅሶ ሄደች። እኔም ሳትመለስ በሯን አሳምሬ ላስደንቃት ብዬ ተነሣሁ። ዝገቱን ፈገፈግሁ። ከዚያ አንቲረስት ያዝኩ፤ ብረት እንዳይዝግ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው፣ ቀዩ ነው። ዝገቱ በጠናበት በኩል ሁለት ሰፋፊ መስመር እንዳስቀመጥሁ ዝናብ መጣ። ቀሪውን ሰኞ እጨርሳለሁ ብዬ ሄድኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ አርፋለሁ እንጂ ሥራ አልነካም።

ሰኞ ጠዋት የግራጫ ቀለም ጣሳዬን አንጠልጥዬ ስደርስ ቤቱ ጣሪያ የለውም! ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ ተከምሯል። ጎረቤቷ ኦቦ ዲኖ አህያ ጋሪ ላይ ይጭናሉ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዲኖ? እንዴት አደሩ?»

«የምን ማደር! በሩን አታይም? የከተማው ሰዎች ሊያፈርሱባት ቀይ ቀብተውባታል። በዚህ መንገድ ቀይ የተቀባ ቤት ሲተርፍ አይተህ ታውቃለህ? ዶዘሩ ሳይመጣ ቆርቆሮውን እናትርፍላት ብለን፣ ትናንት ከለቅሶ እንደተመለሰች ከእሷው ጋር ስናወርድ ዋልን።»

ጣሳው ከእጄ ወደቀ።

ማሪቱ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የቀባሁት...» አልኳት። «አንቲረስት ነው። ዛሬ ግራጫውን ልደርብበት...»

ኦቦ ዲኖ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ማሪቱ አልሳቀችም።

«የአባቴን ቤት በገዛ እጄ አፈረስኩት! ጠይቀኸኝ ነበር?»

«ላስደስትሽ ብዬ...»

«ጠይቀኸኝ ነበር ወይ? ከተማው አልጠየቀኝም፣ አንተም አልጠየቅኸኝም። በሩ የማን ነው?»

ያቺ የሚኒባስ ወሬ እንደ መብረቅ መጣችብኝ። ሃያ ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ይዣት ኖሬ አንድ ቀን አልሠራሁባትም!

«ማሪቱ... ምን ላድርግ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ምናልባት ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጣሪያዬን መልስ!»

መለስኩ። ኦቦ ዲኖ ሰፈሩን ለደቦ ጠሩ፤ ሴቱም ወንዱም ጭቃና ጭድ ረግጦ ግድግዳውን መረገ። እኔ ከጣሪያው ላይ ሆኜ ያለ ማሪቱ ፈቃድ አንዲት ነገር አልነካም።

«ይህ ቆርቆሮ እዚህ ይሁን?»

«ይሁን።»

«ሚስማሩስ እዚህ ጋ?»

«ኧረ በቃህ! ሚስማሩን እንኳ ራስህ ምታ!»

በአራተኛው ቀን የቀረው በሩ ብቻ ሆነ።

«ቀለሙስ?» አልኳት።

«ከውጭ ግራጫ ይሁን፣ ከተማው እንዳለው። መንገዱ የሁላችንም ነው።»

«ከውስጥስ?»

አሰበች። «ከውስጥ ሰማያዊ።»

«ከውስጥ ማን ሊያየው ነው?»

መሬት መሬት አየች። «እሱንም ጠይቀኝ እንጂ...»

ብሩሹን አስቀመጥሁ። የሚኒባሱን ነገር ነገርኳት። «ምን የሚጠይቅሽን ነበር ያልሽው?»

«እኔ እንጃ! የልጅነት ወሬ ማን ያስታውሳል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታችው። «ቆይ... ይህን መጠየቅ አቅቶህ ነው ሃያ ዓመት ሱሪ ስታሳጥር የኖርኸው?»

«አዎ።»

«አምላኬ!»

«ማሪቱ፣ ሽማግሌ ልላክ?»

«ወደ ማን? አባቴ የሉ...»

«ወደ ኦቦ ዲኖ።»

ከአጥሩ ማዶ ሳል ተሰማ። «እኔ ቆርቆሮ ዳግመኛ ካላስጫናችሁኝ ፈቃደኛ ነኝ!»

ማሪቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። በሩን አየች፣ እኔን አየች።

«እሺ፣ ላክ» አለች። «ግን እሑድ ይሁን። እሑድ ቀለም አትነካም።»