የዛገው ብረት

ቶርኖ ቤቱ ብረት የሚያስቆርጥም የሚያስበይድም ሰው አጥቶ አያውቅም። የብረት ፍቅፋቂ ልትለምን የመጣች ሴት ግን ሰገነት የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ይሄ እኮ የምንጥለው ነው» አለ የቶርኖ ሠራተኛው አለበል፣ ከማሽኑ ሥር የተከመረውን ጥምዝምዝ ብረት በእግሩ ገፋ አድርጎ። «ምን ሊሠራልሽ?»

«ውኃ ላጣራበት።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም መሳቁን ተወና ዓይን ዓይኗን ዐያት፤ የዚያን ቀን ሥራ እጁ ላይ አልያዝ አለው።

ሰገነት ባሕር ዳር ውስጥ የውኃ ምርመራ ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። ፍቅፋቂውን በሳሙና አጥባ ዘይቱን ታስለቅቃለች፤ ከአሸዋ ጋር ደባልቃም በርሜል ውስጥ ትሞላዋለች። ውኃው ቀስ ብሎ ሲወርድ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ጀርሙን ይዞ ያስቀራል።

«ብረቱን ብቻ ብንሞላውስ? አይበረታም?» አላት አንድ ቀን ኬሻውን ተሸክሞላት።

«ብረት ሲዝግ ያብጣል። ብቻውን ከሆነ እርስ በርሱ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ውኃ አያሳልፍም። አሸዋው ነው ክፍተት የሚሰጠው።»

«ብቻውን የኖረ ሁሉ ድንጋይ ይሆናል በይኛ!»

ሰገነት ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሳታስበው ብዙ ርቃ ሄዳ ነበር።

የመጀመሪያው በርሜል የቆመው ሐይቁ ዳር፣ በአለበል እናት በወይዘሮ እናትዓለም ግቢ ነው። የጉድጓዳቸው ውኃ ክረምት በመጣ ቁጥር ይበከላል። ሰገነት ናሙና ወስዳ መረመረች፤ ንጹሕ ሆነ። ደንቡ ሁለቴ መመርመር ነበር። እናትዓለም ግን ጣሳቸውን ይዘው «ልጠጣ፣ ልጄ?» ሲሏት «ልጄ» የሚለው ቃል አሸነፋትና «ይጠጡ» አለቻቸው።

ኅዳር ላይ አለበል ደወለ። «እማዬ ታማለች። ሆዷን ነው፤ ጤና ጣቢያ ተኝታለች።» ሌላ ነገር ሳይጨምር ዘጋው።

የፈሩት ይደርሳል። ሰገነት የምትወደውን ሰው እናት በገዛ እጇ የመረዘች መሰላት። እሱም አልደወለም፤ እሷም አልደፈረችም። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሣዋለች፤ እሱ አለመሆኑን ስታይ ደግሞ ይብስባታል። ሴትዮዋ ቢሞቱ ዓይኑን ቀና ብላ እንደማታየው ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን የናሙና ጠርሙሷን ይዛ ሄደች። አለበል በርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«እንዴት ናቸው?»

«ትንሽ ቀለል ብሏታል።» ቀና ብሎ አላያትም። «ሰገነት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የመጨረሻውን ኬሻ ብረት ያጠብሁት እኔ ነኝ። ዘይቱ ሳይለቅ ቀርቶ ቢሆንስ? እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ ጠፋኝ።»

«የኔ ነው እንጂ! ሁለተኛውን ናሙና ሳልመረምር ‹ይጠጡ› አልኋቸው። እኔ ደግሞ የጠላኸኝ መስሎኝ…»

ዓይኗ እንባ ሞላ። አለበል ተነሥቶ ጠጋ አላትና የበርሜሉን ክዳን ከፈተላት።

ሰገነት ክንዷን እስከ ክርኗ አሸዋው ውስጥ ሰደደች። ዝገት ያቀላው አሸዋ መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን የታጠበ፣ ንጹሕ አሸዋ ነው።

«ብረቱ የለም» አለች።

ግቢውን ዞሩ። ብረቱን ከአጥሩ ሥር ጌሾው ጥግ ተከምሮ አገኙት።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ እናትዓለም ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ሰገነትን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበር» አሉ በደከመ ድምፅ። «በርሜሉን ብከፍተው ዝጎ ቀልቷል። ማኅበርተኛው አይቶ ‹በዛገ ብረት ነው የምታጠጣን› እንዳይለኝ ብዬ አውጥቼ ደፋሁት። አሸዋውን ሦስት ጊዜ አጥቤ መለስሁት። እነሱስ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ ውኃውን የጠጣሁ እኔው ነኝ። የለፋሽበትን አበላሸሁ ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

«እማማ፣ የሚያጣራው እኮ ዝገቱ ነው!»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

ሰገነት ይህን ሁሉ ለአለበል ስትነግረው ከርማለች፤ ለውኃው ባለቤት ግን አንድም ቀን አልነገረችም። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

ሁለቱ በማግስቱ ብረቱን ከአሸዋው ጋር ደባልቀው በርሜሉን ሞሉ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ናሙና ንጹሕ ሆነ፤ በደንቡ መሠረት ሁለተኛውን ወሰደች። ውጤቱን ለማወቅ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ አለ፤ ጀርም ካለ መመርመሪያው ሳህን ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አለበል የላብራቶሪው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ገና ነው» አለችው። «አራት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣ።»

«ለሱ አይደለም የመጣሁ። ሽማግሌ ልልክ ነው። አባትሽ እሑድ ቤት ይኖራሉ?»

«ውጤቱ ሳይመጣ? ባይጸዳስ?»

«ባይጸዳ አብረን ደግመን እንሞላዋለን። ከጸዳ በኋላ ብልክማ ውኃው ስለጸዳ የመረጥሁሽ ይመስልሻል።»

ሰገነት በሩን አልፋ ገባች። ደረጃው ላይ ቆመችና ተመልሳ ወጣች።

«ከቅዳሴ በኋላ ይኖራሉ» አለችው።

አራት ሰዓት ላይ ሳህኑን ከፈተች። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደጋግማ ዐየችው። አንድም ነጠብጣብ የለበትም። ስልኳን አነሣች፤ አስቀድማ የደወለችው ግን ለአለበል አልነበረም።

«እማማ፣ ጸድቷል! ብረቱ ቢዝግ እንዳይደነግጡ፤ እንዳይነኩትም።»

«አልነካም» አሉ እናትዓለም። «አንቺም ከእንግዲህ ለልጄ ብቻ አትንገሪ።»